ሚሲሲፒ ጆን ኸርት፦ ከአቫሎን የጥጥ ማሳ እስከ ኒውፖርት መድረክ

እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1963፣ በጁላይ ወር መጨረሻ፣ ኒውፖርት በእንግዳ ተጨናንቃ ነበር። በአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ግዛት የምትገኘው ይህች የባሕር ዳርቻ ከተማ ባለጸጎች ቤተ መንግሥት የሚመስሉ የበጋ ቤቶቻቸውን የገነቡባት ናት። በዚያ ሰሞን ግን ጎዳናዎቿን የሞሏት ጊታር ያነገቱ ወጣቶች ነበሩ። የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል በቆየባቸው ሦስት ቀናት ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታድሟል። የአብዛኛው ሰው ዓይን ያረፈው በጆአን ባዬዝና በቦብ ዲላን ላይ ነበር። ከእነዚህ ወጣቶች ጋር በአንድ መርሐ ግብር የተጠሩት ባለባርኔጣው አጭር አዛውንት ግን ከጥቂት ወራት በፊት በሚሲሲፒ ገጠር ከብት ይጠብቁ ነበር። ድምፃቸውን በአሮጌ ሸክላ የሚያውቁ ሰዎችም ከሞቱ ቆይተዋል ብለው ያምኑ ነበር።

ጆን ስሚዝ ኸርት የተወለዱት በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በሚሲሲፒ ካሮል አውራጃ፣ ቲዮክ በተባለች ቦታ ነው። ያደጉት በአቅራቢያዋ ባለችው አቫሎን መንደር ነው። ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላም ነበር። በአካባቢው የሚኖረው አብዛኛው ጥቁር ገበሬ የራሱ መሬት አልነበረውም። የባለመሬቱን ማሳ እያረሰ ከምርቱ እኩሌታውን ያስረክባል። ለዘር፣ ለቀለብና ለመሣሪያ የተበደረው ሲቀነስበት ከራሱ ድርሻ እጁ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ሂሳቡን የሚጽፈውም ባለመሬቱ ነበር። የጭሰኝነትን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ኸርት ጊታር መነካካት የጀመሩት በዘጠኝ ዓመታቸው ገደማ ሲሆን አስተማሪ አልነበራቸውም። ምናልባትም በዚህ ምክንያት አጨዋወታቸው የማንንም አይመስልም። አውራ ጣታቸው ወፍራሞቹን ክሮች እያፈራረቀ እንደ ከበሮ ምት ሳያቋርጥ ይመታል፤ ሌሎቹ ጣቶች በዚያ ላይ ዜማውን ይለቅማሉ። የሚሰማ ሰው ሁለት ጊታር የሚጫወት ይመስለዋል። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ እንደ ሌሎቹ የሚሲሲፒ ብሉዝ ዘፋኞች አይጮኹም፣ አያጉረመርሙም። በቅዳሜ ምሽት ጭፈራ እየተጫወቱ፣ ቀን ቀን ግን እያረሱ፣ አንዳንዴም በባቡር ሐዲድ ሥራ እየተቀጠሩ ኖሩ።

ወደ ሸክላ ኢንዱስትሪ ያስገባቸው ነጭ ጎረቤታቸው ነው። ቫዮሊን ተጫዋቹ ዊሊ ናርሞር የዘወትር አጃቢው በማይመቸው ጊዜ ከኸርት ጋር ይጫወት ነበር። ናርሞር ኦኬ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ የመቅረጽ ዕድል ሲያገኝ የኸርትን ስም ለኩባንያው ሰው ነገረ። በ1928 ኸርት መጀመሪያ በሜምፊስ፣ ከዚያም በዓመቱ መጨረሻ በኒውዮርክ ቀረጹ። በስማቸው ላይ “ሚሲሲፒ” የሚለውን የጨመረው ኩባንያው ነው፤ ሸክላውን ያሻሽጣል በሚል ነበር። ኩባንያዎቹ በዚያ ዘመን የጥቁርና የነጭ ሙዚቃን በተለያየ መዝገብ ይሸጡ ስለነበር፣ ከነጭ ቫዮሊን ተጫዋች ጋር ይዘፍኑ የነበሩት ሰው በጥቁሮች መዝገብ ውስጥ ተመደቡ።

የኒውዮርክ ቆይታቸው ብርዳማና ብቸኝነት የበዛበት ነበር። እዚያው ሆነው ስለ ናፈቋት መንደራቸው “አቫሎን ብሉዝ” የተሰኘ ዘፈን ሠሩ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ የሸክላ ገበያውም አብሮ ወደቀ። የኸርት ሸክላዎች ብዙ አልተሸጡም፤ ሌላ ጥሪም አልመጣላቸውም። ወደ አቫሎን ተመልሰው ለ35 ዓመታት ያህል የሰፊው ዓለም ጆሮ ሳይሰማቸው ኖሩ።

ታሪካቸው ሲነገር “የጠፉት” ሙዚቀኛ ተብለው ይጠራሉ። ቃሉ ልክ አይመስልም፤ ኸርት ከቀያቸው የትም አልሄዱምና። ያላወቃቸው ሸክላ የሚሰበስበው የሰሜኑ ሰው ነበር። በ1952 ሃሪ ስሚዝ የተባለው ሰብሳቢ ባዘጋጀው ዝነኛ የአሜሪካ ባህላዊ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ሁለት ዘፈኖቻቸው ተካተቱ። የኒውዮርክና የቦስተን ወጣቶች በዚያ ስብስብ እየተለማመዱ ጊታር ሲማሩ፣ የዘፈኑ ባለቤት በሚሲሲፒ በሰው እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር።

መንገዱን ያሳየው ራሱ ዘፈኑ ነው። የዋሽንግተኑ ሸክላ ሰብሳቢ ዲክ ስፖትስዉድ በ“አቫሎን ብሉዝ” ውስጥ የተጠቀሰችውን መንደር በአዳዲስ ካርታዎች ፈልጎ ቢያጣትም በአንድ አሮጌ አትላስ ላይ አገኛት። በ1963 መጀመሪያ ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት ጓደኛው ወደዚያው ነዳ። በመንደሩ ሱቅ ቆሞ ሲጠይቅ ሰዎቹ ሳያንገራግሩ ቤቱን ጠቆሙት። ኸርት በራቸው ላይ አንድ የማያውቁት ነጭ ወጣት ሲያዩ ከፌደራሉ ፖሊስ ከኤፍቢአይ የመጣ መስሏቸው እንደነበር ይነገራል። ይህ ፍርሃት የሚያስቅ አይደለም። የመብት ታጋዩ ሜድጋር ኤቨርስ በዚያው ግዛት፣ በጃክሰን ከተማ፣ በቤቱ ደጃፍ በጥይት የተገደለው በዚያው ዓመት በጁን ወር ነው።

ኸርት በዚያን ወቅት የራሳቸው ጊታር እንኳ አልነበራቸውም። ሆስኪንስ ባዋሳቸው ጊታር ሲጫወቱ ግን አውራ ጣታቸው የድሮው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ ዋሽንግተን ተወሰዱ። ከፌስቲቫሉ ጥቂት ቀናት አስቀድሞም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ረዥም ቀረጻ አደረጉ።

ፌስቲቫሉ ራሱ በዚያ ዓመት ከሞት የተነሣ ነበር። በ1960 በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ በተነሣው ረብሻ ምክንያት የፎኩም ድግስ ለሁለት ዓመት ተቋርጦ ቆይቷል። አዘጋጁ ጆርጅ ዌይን ከዘፋኙ ፒት ሲገርና ከጓደኞቹ ጋር ተመካክሮ ፌስቲቫሉን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አድርጎ መለሰው። ፕሮግራሙን የሚወስነው ከሙዚቀኞች የተውጣጣ ቦርድ ሆነ። ከመድረክ ጀርባ የጸናው ደንብ ቀላል ነበር፦ ዝነኛም ሆነ ያልታወቀ፣ ማንኛውም ተጫዋች እኩል 50 ዶላር ይከፈለዋል፤ የጉዞው፣ የመኝታውና የምግቡ ወጪ ይሸፈንለታል። ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ ለባህላዊ ሙዚቃ ሥራ ይውላል። በቀጣዩ ዓመት ራልፍ ሪንዝለር ወደ ገጠር ተልኮ እንደ ሉዊዚያናዎቹ የኬጅን ሙዚቀኞች ያሉትን ወደ ኒውፖርት ያመጣው በዚሁ ገንዘብ ነው።

ለባዬዝና ለዲላን 50 ዶላር ከሚያገኙት ብዙ ያነሰ ነበር። ከብት ጠባቂ ለነበሩት ሰው ትርጉሙ ሌላ ነው፤ በዕድሜያቸው ሙሉ ከነጭ ሰው እኩል የተከፈሉበት ቀን ብዙ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። ቀን ቀን በሚካሄዱት የልምምድ መድረኮች ኸርት ከሬቨረንድ ጋሪ ዴቪስ፣ ከጆን ሊ ሁከር፣ ከብራውኒ ማጊና ከሶኒ ቴሪ ጋር ተሰለፉ። ቫንጋርድ የተባለው ኩባንያ ዝግጅቱን በቴፕ ይቀርጽ ነበር። ሸክላውን እየደጋገሙ በጆሮ ሲያጠኑ የኖሩ ወጣት ጊታሪስቶች አሁን ጣቶቹን በዓይናቸው አዩ። ፋውንዴሽኑ በኋላ ጊታር ሊገዛላቸው ወደ ኒውዮርክ ሱቅ ሲወስዳቸው፣ ካሻቸው ውዱን መምረጥ እየቻሉ ቀለል ያለ ጊልድ ጊታር መረጡ።

ይሁን እንጂ የ50 ዶላሩ ደንብ የሚገዛው የፌስቲቫሉን ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን የኸርት ሥራ የሚገዛው ሌላ ወረቀት ነበር። ከአቫሎን ያወጧቸው ወጣቶች ኩባንያ መሥርተው ከአዛውንቱ ጋር ውል ተፈራርመዋል፤ ውሉም ከገቢያቸው ትልቅ ድርሻ ለኩባንያው የሚሰጥ ነበር። ወጣቶቹ ሙዚቃውን ከልባቸው ይወዱ ነበር፤ ያለ እነሱ ኸርት አቫሎን ውስጥ ሳይታወቁ በሞቱ ነበር። ሆኖም ሌላ ሰው በያዘው ሂሳብ ድርሻን መጠበቅ ለኸርት አዲስ ነገር አልነበረም። ፍቅርና ጥቅም እንዲህ ሲደባለቁ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን ያላረቀቀው ነው።

ዝናው ግን እውነተኛ ነበር። ከባለቤታቸው ከጄሲና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር በዋሽንግተን ሲኖሩ ኦንታሪዮ ፕሌስ በተባለ ቡና ቤት አዘውትረው ይጫወቱ ነበር። በዩኒቨርሲቲዎችና በትልልቅ አዳራሾች ዘፈኑ፤ በጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀረቡ። የእሳቸው መገኘት የሌሎችን ፍለጋ አነሣሣ። ቡካ ዋይት የተገኘው እሱም በዘፈኑ ወደጠቀሳት አበርዲን በተላከ ደብዳቤ ነው። በ1964 ደግሞ ሰን ሃውስና ስኪፕ ጄምስ ተገኙ። ጄምስ በዚያው ዓመት ኒውፖርት ላይ ቀረበ። ሁለቱ የሚሲሲፒ ሰዎች በጠባይ እሳትና ውኃ ነበሩ። ጄምስ ኩሩና ቁጡ፣ የራሱን ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚያይ፤ ኸርት ግን ወጣቱን ሁሉ በፈገግታ የሚቀበሉ፣ ለጠየቃቸው ሁሉ ጣቶቻቸውን ቀስ አድርገው የሚያሳዩ። ታዳሚዎች ይህን የዋህነታቸውን እጅግ ወደዱት። አንዳንዴም ከሙዚቃው በላይ ወደዱት ማለት ይቻላል፤ ያ ደግሞ ለሙዚቀኛው ፍትሐዊ አይደለም።

በመጀመሪያው የኒውፖርት ቆይታቸው ጊዜ መድረኩን የሞሉት ዘፋኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሲቪል መብት ትግሉን መዝሙር አሰምተዋል። በሚሲሲፒ አብዛኛው ጥቁር ዜጋ ድምፅ እንዳይሰጥ በተከለከለበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው። ኸርት ግን በሰሜን አልቀሩም። በኋላ ወደ ሚሲሲፒ ተመልሰው በግሬናዳ ከተማ መኖር ጀመሩ። የመጨረሻዎቹን ቀረጻዎቻቸውን ለቫንጋርድ ካደረጉ በኋላ ኖቬምበር 2 ቀን 1966 በግሬናዳ አረፉ። ከኒውፖርት መድረክ እስከ ዕለተ ሞታቸው የነበራቸው ጊዜ ከሦስት ዓመት ብዙም አይበልጥም።

የዘፈኖቻቸው መብትና ገቢ ጉዳይ ከሞታቸው በኋላ ለዓመታት በፍርድ ቤት አከራክሯል። መቃብራቸው በአቫሎን አቅራቢያ፣ በዛፎች መሐል ይገኛል፤ ጎብኚዎች ሳንቲምና የጊታር መምቻ ይተዉበታል። ይኖሩባት የነበረችው ትንሽ የእንጨት ቤት በቤተሰባቸው ጥረት ቤተ መዘክር ሆና ጎብኚ ስታስተናግድ ቆይታ፣ በፌብሩዋሪ 2024 በእሳት ተቃጥላለች።