ሃንሲ ክሮንዬ፡ አገር ያመነው አምበል

ክሪኬት እኛ ጋ ብዙ ተመልካች የለውም። ይሁንና የዛሬውን ታሪክ ለመከታተል የጨዋታውን ሕግ ማወቅ አያስፈልግም፤ አምበል፣ ቁማርና ጉቦ ምን እንደሆኑ ማወቅ ይበቃል። እ.ኤ.አ በ2006 ጁቬንቱስን ወደ ሴሪ ቢ ያወረደውን ቅሌት ለሚያስታውስ የኳስ አፍቃሪ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

ሃንሲ ክሮንዬ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1969 በደቡብ አፍሪካዋ ብሎምፎንቴን ተወለደ። አባቱም ክሪኬት ተጫውተዋል። እሱ ገና በ21 ዓመቱ የኦሬንጅ ፍሪ ስቴት አምበል ሆነ። ጊዜውም ገጠመለት፤ በአፓርታይድ የተነሳ ለ21 ዓመታት ተገልላ የነበረችው አገሩ በ1991 ወደ ዓለም አቀፍ ክሪኬት ተመለሰች። በ1994 የብሔራዊ ቡድኑን አምበልነት ተረከበ። እስከ አምስት ቀን በሚፈጀው የቴስት ጨዋታ 53 ጊዜ መርቶ 27ቱን ሲያሸንፍ የተረታው በ11 ብቻ ነው። በአንድ ቀን ጨዋታ ደግሞ ከ138ቱ 99ኙን አሸነፈ።

ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ በመሆኑ ሕዝቡ እንደ ቅዱስ ነበር የሚያየው። ነገር ግን አንዳንድ ምልክቶች ነበሩ። በ1998 አድሌድ ላይ አውስትራሊያዊው ማርክ ዋህ መውጣት ሲገባው ቀረ ብሎ ተናዶ የዳኞቹን ክፍል በር በዊኬት እንጨት በሳው። በ1999 ዓለም ዋንጫ ደግሞ ከአሠልጣኙ ጋር የሚያወራበት ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ገብቶ አስወለቁት።

ዋናው ጉድ የመጣው በ2000 ነው። ጃንዋሪ ላይ ሴንቹሪየን ውስጥ ከእንግሊዝ ጋር የነበረው ቴስት በዝናብ ተበላሽቶ በአቻ ሊያልቅ ሲል ክሮንዬ ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ተራ እንዲተዉ ሐሳብ አቀረበ። እንግሊዝም አሸነፈች። ለጨዋታው ሲል ነው ብለው ያጨበጨቡለት ብዙ ናቸው። በኋላ ሲጣራ ከአንድ አቋማሪ ወደ 50 ሺህ ራንድና የቆዳ ጃኬት ተቀብሏል። የቆዳ ጃኬት! ለዚያ ሁሉ ስም!

ኤፕሪል 7 የደልሂ ፖሊስ ከአቋማሪ ጋር በስልክ ሲነጋገር ቀርጸነዋል አለ። ክሮንዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ። ከአራት ቀን በኋላ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለክሪኬት ማኅበሩ ኃላፊ አሊ ባከር ደውሎ እውነቱን እንዳልተናገረ አመነ። ወዲያው ከአምበልነቱ ተነሳ።

በዳኛ ኤድዊን ኪንግ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ኬፕ ታውን ላይ የሰማው ደግሞ ይብሳል። ክሮንዬ ለሄርሼል ጊብስ ናግፑር ላይ ከ20 ራን በታች አስመዝግቦ እንዲወጣ፣ ለወርዋሪው ሄንሪ ዊልያምስ ደግሞ ከ50 ራን በላይ እንዲቆጠርበት ለእያንዳንዳቸው 15 ሺህ ዶላር ቃል ገብቶላቸው ነበር። ሁለቱም እሺ አሉ። ጊብስ ሜዳ ሲገባ ውሉን ረስቶ 74 መታ፤ ዊልያምስ ትከሻውን ተጎድቶ ወጣ። ገንዘቡም ቀረ። ሁለቱም ነጭ ያልሆኑ፣ ቦታቸውን ለማስከበር የሚታገሉ ልጆች ነበሩ። ለእኔ ከጃኬቱም ከዶላሩም በላይ የሚያመው ይሄ ነው፤ አምበልህ ሲጠይቅህ እንዴት እምቢ ትላለህ?

ጊብስና ዊልያምስ ለስድስት ወር ያህል ታገዱ፤ ጊብስ 60 ሺህ፣ ዊልያምስ 10 ሺህ ራንድ ተቀጡ። ክሮንዬ ኦክቶበር 2000 ላይ ዕድሜ ልክ ታገደ። በ2001 ቅጣቱን በፍርድ ቤት ተከራክሮ ተረታ። ከአቋማሪ ጋር አስተዋወቀኝ ያለው የሕንዱ አምበል መሐመድ አዝሃሩዲንም በ2000 ዕድሜ ልክ ታግዶ ነበር፤ እሱ ግን በ2012 ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሽሮለታል።

ክሮንዬ ይህን አላየም። የግንባታ ማሽን በሚያመርት ድርጅት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ጁን 1 ቀን 2002 ከጆሃንስበርግ ወደ ጆርጅ ሊሄድበት የነበረው በረራ ሲቀር በጭነት አውሮፕላን ብቸኛ ተሳፋሪ ሆኖ ተነሳ። አውሮፕላኑ ጆርጅ አጠገብ ካለው ተራራ ጋር ተጋጭቶ ከሁለቱ አብራሪዎች ጋር ሞተ። 32 ዓመቱ ነበር።

በ2004 ደቡብ አፍሪካውያን የምንጊዜም ታላላቅ ዜጎቻቸውን በድምፅ ሲመርጡ ክሮንዬን 11ኛ አደረጉት። በስልኩ ሌላኛው ጫፍ ነበር የተባለው ሳንጂቭ ቻውላ ግን ከለንደን ለሕንድ ተላልፎ የተሰጠው በፌብሩዋሪ 2020 ነው።