ሳይሸለሙ የቀሩት የታሪክ ጸሐፊ፦ ሸይኽ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ

ከአምባ ጊዮርጊስ ለሚመጡት የጀመዓችን ልጆች «ጀበርቲ» የሚለው ስም እንግዳ አይደለም። ከጎንደር ተነስቶ በወገራ አቋርጦ፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ምጽዋ በሚዘልቀው መንገድ በቅሎና አህያ ጭነው ይመላለሱ ከነበሩት ሲራራ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ጀበርቲዎች ነበሩ። ስሙ ግን በመጀመሪያ የአገር ስም ነው። ከዘይላዕ ወዲህ፣ በኢፋት በኩል ጀበርት የምትባል ምድር ነበረች፤ በኋላ ስሟ ለደጋው ሙስሊም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ይህን ስም በዓለም የታሪክ መጻሕፍት ላይ ያሰፈሩት ሰው ግን ካይሮ ተወልደው እዚያው የሞቱ ናቸው።

ሸይኽ ዐብዱራሕማን (ረሒመሁላህ) የተወለዱት በ1167 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1753 ወይም በ1754 ነው። ሰባተኛው አያታቸው በ16ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ በጂዳና በመካ በኩል አድርገው ካይሮ ገቡ። በአል-አዝሃር የጀበርት ደረሶች ማደሪያ የነበረው ሪዋቅ ኃላፊም ሆኑ። ሸይኹ ስለ ዘመዶቻቸው አገር ሲጽፉ ሰዎቹ ለሐጅና ለዒልም በእግራቸው የሚጓዙ መሆናቸውን ሳያነሱ አላለፉም። አባታቸው ሸይኽ ሐሰን በፊቅህ ብቻ ሳይሆን በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ዓሊም ነበሩ። ከአርባ የሚበልጡ ልጆች ወልደው ለወግ ለማዕረግ የበቃው ይህ አንድ ልጅ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1798 ቦናፓርት ግብጽን ወረረ። ሸይኹ የዐይን ምስክር ሆነው መዘገቡ። ፈረንሳዮቹ በዐረብኛ ያወጁትን አዋጅ ይዘው የሰዋስው ስሕተቱን ቃል በቃል እየነቀሱ አሳዩ (ይህን ክፍል ያነበብን ሁሉ ስቀናል)። ያም ሆኖ ወደ ቤተ መጻሕፍታቸው ገብተው የኬሚስትሪ ሙከራቸውን ሲያዩ መደነቃቸውን አልደበቁም።

በ1801 ፈረንሳዮች ወጥተው ዑስማኒዮች ተመለሱ። ያኔ ጸሐፊ የሚሸለመው ዋንጫና ሜዳሊያ አልነበረም፤ ካባ፣ ሹመትና የባለሥልጣን ፊት ነበር። ሸይኹ ከወዳጃቸው ከሸይኽ ሐሰን አል-ዐጧር ጋር ሆነው ፈረንሳይን የሚያወግዝ፣ ዑስማኒዮችን የሚያወድስ መጽሐፍ አዘጋጁና ለታላቁ ወዚር ለዩሱፍ ፓሻ አበረከቱ። መጽሐፉ በኋላ ወደ ቱርክኛ ተተርጉሟል። እንደኛ እንደኛ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ደካማው ይህ ነው፤ ወዚሩን ደስ ለማሰኘት ሲባል የተዘለለው ብዙ ነዋ!

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን «ዐጃኢብ አል-አሣር» የተባለውን ባለ አራት ቅጽ ታሪክ ጀመሩ። በመግቢያው ላይ ለማንም ባለ ሥልጣን ለማገልገል፣ ለወዚርም ለአሚርም ለመታዘዝ እንዳልጻፉት አስታወቁ። ለወዚሩ የጻፉትንም ውዳሴ አለዘቡት። በ1800 ጄኔራል ክሌበርን የገደለው ሱለይማን አል-ሐለቢ የተዳኘበትን የፈረንሳዮች የፍርድ ሰነድ ሳይቀር አስገቡ። ገዳዩን እጅ ከፍንጅ ይዘው እንኳ መርምረውና አከራክረው መፍረዳቸውን፣ የዑስማኒዮቹ ወታደሮች ግን ሰውን እንደ ቀልድ መግደላቸውን አነጻጽረው ጻፉ። ይህን የሚጽፍ ሰው ካባ እንደማይለብስ ያውቃል።

በ1805 ሥልጣን የያዙት ሙሐመድ ዐሊ ፓሻም አልተማሩም። የወቅፍ መሬት መነጠቁ፣ ግብር መክበዱ፣ ድሀው መማረሩ ሁሉ በየዓመቱ ተመዘገበ። ለዱንያ ያደሩ ዑለማዎችም ስማቸው ተጠቅሶ ተወቀሱ። በዚህ መካከል ወዳጃቸው አል-ዐጧር በፓሻው ዘንድ ሞገስ አገኙ፤ በ1830 ገደማ የአል-አዝሃር ሸይኽ እስከመሆን ደረሱ። በአል-ዐጧር አንፈርድም፤ ትልቅ ዓሊም ናቸው። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳናይ ማለፍ አልቻልንም። በየዓመቱ በምረቃ ሰሞን ሜዳሊያው ለሌላ ሲሰጥ አንገታቸውን የሚደፉ ጓደኞች አሉንና።

የሸይኹ መዝገብ እ.ኤ.አ. 1821 ላይ ይቆማል። በ1822 ልጃቸው ኸሊል ተገደለ። ወደ ፓሻው ጣት የቀሰሩ ሰዎች ነበሩ። አባት ከዚያ ወዲህ ታሪክ አልጻፉም፤ በ1825 ገደማም ዐረፉ። መጽሐፉ ሳይታተም፣ ከእጅ ወደ እጅ በጽሑፍ ብቻ እየተገለበጠ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ፤ ገዢው ቤተሰብ እንዲወጣ አልፈለገም ነበር።

በ1879 እና 1880 አራቱም ቅጾች በካይሮ ቡላቅ ማተሚያ ቤት ታተሙ። ከ1888 ጀምሮም በፈረንሳይኛ ተተርጉመው ወጡ። ዛሬ የዚያን ዘመን ግብጽ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚገልጠው ይህን መጽሐፍ ነው። የቡላቅን ማተሚያ ቤት ያቋቋሙት ደግሞ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ነበሩ።