ዶክተር ሉዊስ ሊኪና ቤተሰባቸው

ናይሮቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣልን ከምናስጎበኛቸው ቦታዎች አንዱ ብሔራዊ ሙዚየሙ ነው። በሙዚየሙ ግቢ ውስጥ የተጠረበ ድንጋይ በእጃቸው የያዙ የአንድ ሰው ሐውልት ይገኛል። ልጆቻችን ዙሪያውን ይሯሯጣሉ፣ ፎቶግራፍም ይነሣሉ፤ የሰውየውን ማንነት ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። እኚህ ሰው ዶክተር ሉዊስ ሊኪ ናቸው። የሰው ዘር መነሻው አፍሪካ መሆኑን ለማስረዳት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሊቅ ናቸው። ስለ ሳይንሱ ብዙ ስለተጻፈ፣ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ላይ ይልቁንም የቤታቸውንና የድንኳናቸውን ኑሮ እናስተዋውቃችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊስ ሊኪ ኦገስት 7 ቀን 1903 ከናይሮቢ እምብዛም በማይርቀው በካቤቴ ሚሲዮን ተወለዱ። ወላጆቻቸው እንግሊዛውያን ሚሲዮናውያን ነበሩ። በሰው አገር እንደሚያድጉት እንደ ልጆቻችን ሁሉ እሳቸውም ከወላጆቻቸው ቋንቋ ሌላ የጎረቤቶቻቸውን ኪኩዩኛ አቀላጥፈው እየተናገሩ አደጉ። ከኪኩዩ እኩዮቻቸው ጋር አድነዋል፤ እንደ ባህሉም ወደ ጉልምስና የመሸጋገሪያውን ሥርዓት ከእነሱ ጋር ፈጽመዋል፤ የራሳቸውንም ጎጆ ቀልሰዋል።

ዕድሜ ልካቸውን የተከተሏቸው ነገር የጀመረው በአንድ የገና ስጦታ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ስለ ድንጋይ ዘመን ሰዎች የሚተርክ የልጆች መጽሐፍ ከእንግሊዝ ተላከላቸው። ልጁም መጽሐፉን አንብቦ በየመንገዱና በየቦዩ ዳር ጥቁር የሚያብረቀርቅ ባልጩት መልቀም ጀመረ። ቤተሰቡ ቢቀልድበትም አልተወውም። በመጨረሻ የለቀመውን ይዞ አርተር ላቭሪጅ ወደሚባሉት የሙዚየሙ ኃላፊ ሄደ። እሳቸውም ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ በእርግጥ በጥንት ሰው እጅ የተሠሩ መሆናቸውን አረጋገጡለት። አንድ ትልቅ ሰው የልጅን ጥያቄ ከቁም ነገር ቆጥሮ መመለሱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ ማየት ይቻላል።

ለትምህርት ካምብሪጅ ሄደው ሳለ በ1923 በራግቢ ጨዋታ ጭንቅላታቸውን ተመቱ። ከዚያ የተነሣ ራስ ምታት ስለጸናባቸው ትምህርቱን ለጊዜው አቋርጠው በ1924 የዳይኖሰር አጥንት ከሚፈልግ ቡድን ጋር ወደ ታንጋኒካ ዘመቱ። ቁፋሮን የተማሩት በዚያ ነው። በ1928 ፍሪዳ አቨርን አግብተው ፕሪሲላና ኮሊን የተባሉ ሁለት ልጆች ወለዱ። ይሁን እንጂ ኮሊን ገና ሕፃን እያለ ሜሪ ኒኮል ከምትባል ወጣት ሠዓሊ ጋር በፍቅር ወደቁና ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። በ1936 ፍቺው ተፈጸመ፤ በዚያው ዓመት ከሜሪ ጋር ተጋቡ። ነገሩ በካምብሪጅ የነበራቸውን ስም አጠፋባቸው። ሁለቱ ልጆችም ከእናታቸው ጋር እንግሊዝ አገር አደጉ። ስለ ዶክተር ሊኪ የቤተሰብ ፍቅር የሚጻፍ ጽሑፍ ይህንን ዘልሎ ቢያልፍ እውነተኛ አይሆንም።

ከወይዘሮ ሜሪ ጋር የነበረው ኑሮ አብዛኛው በድንኳን ነው። በ1935 ታንጋኒካ ውስጥ በኦልዱቫይ ገደል ሲሠሩ ውኃ ስለጠፋ አውራሪስ ከሚንከባለልበት ኩሬ እየቀዱ ይጠጡ ነበር፤ ሻዩም ሾርባውም የአውራሪስ ሽንት ሽንት ይል ነበር ይባላል። በኋላ ጆናታን፣ ሪቻርድና ፊሊፕ ሲወለዱ ወላጆቻቸው ለሞግዚት ትተዋቸው አልሄዱም፤ ይዘዋቸው ወጡ እንጂ። በ1940ዎቹ በማጋዲ መንገድ በሚገኘው በኦሎርጌሳይሊ ሲቆፍሩ ጆናታን ገና ሕፃን ነበር። የቁፋሮውን ጉልበት ይሠሩ ከነበሩት መካከል የጣሊያን የጦር ምርኮኞችም ነበሩ። ለእኛ አስገራሚ የሆነው ደግሞ ዶክተር ሊኪ በዚያው ጦርነት በስለላው ክፍል ሲያገለግሉ ለኢትዮጵያ አርበኞች መሣሪያ በማድረሱ ሥራ መካፈላቸው ነው። ኦሎርጌሳይሊን ያላያችሁ ቤተሰቦች ለቅዳሜ ሽርሽር አስቡበት፤ የድንጋይ መጥረቢያዎቹ በተገኙበት ቦታ ተዘርግተው ይታያሉ።

ቤታቸውም ቢሆን ከድንኳኑ የተለየ አልነበረም። ነጭ ሆነው ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ዳልሜሽያን የተባሉ ውሾች ያረባሉ፤ ዶክተሩ በውሾች ውድድር ላይ ዳኛ ሆነው ይቀመጡ ነበር። ዓሣ በመስተዋት ገንዳ ያሳድጋሉ፤ ልጆቹ ፈረስ ይጋልባሉ፤ ጆናታን እባብ ይሰበስባል። አባትየው ደግሞ ባልጩት ጠርበው ስለት ያወጡና በዚያው የታረደ እንስሳ ገፍፈው ለተመልካች ያሳዩ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚወዱት ግን በጣቶች ላይ ክር እያጠላለፉ ልዩ ልዩ ቅርጽ ማውጣትን ነበር። ቋንቋውን በማያውቁት አገር ሲደርሱ ክሩን ከኪሳቸው ያወጡና መጫወት ይጀምራሉ፤ ሕፃን ሽማግሌው ይከባቸዋል። በ1949 ባልና ሚስቱ የአንጎላን የክር ጨዋታ አጥንተው በጋራ አሳትመዋል። ወላጅና ልጅ ያለ አንዳች ወጪ የሚጫወቱት ጨዋታ ለሊቃውንት ጥናት በቃ ማለት ነው።

ልጆች ድንኳን ውስጥ ማደጋቸው ሁልጊዜ ደስታ ብቻ አልነበረም። ሪቻርድ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ካንጄራ በተባለ ቦታ ሙቀቱና ዝምብ አስመርሮት ሲያለቃቅስ፣ አባቱ ሂድና የራስህን አጥንት ፈልግ ብለው አሰናበቱት። ልጁም ሄዶ ፈለገ፤ አገኘም። ያገኘው የጠፋ ዝርያ የሆነ የግዙፍ አሳማ አጥንት ነበር። ወላጆቹ ዋጋውን ሲያውቁ ቁፋሮውን ከእጁ ወስደው ራሳቸው ቀጠሉት። ሪቻርድ ክፉኛ ተቀየመ። አዋቂዎች ልጅ የጀመረውን ሥራ ለማሳመር ብለን ስንነጥቀው ልጁ ምን እንደሚሰማው ብዙ ጊዜ አናስተውልም።

በቤተሰቡ ውስጥ ታላላቆቹን ግኝቶች ያገኙት ብዙውን ጊዜ አባወራው አይደሉም። በ1948 በሩሲንጋ ደሴት ፕሮኮንሱል የተባለውን የጥንት ዝንጀሮ መሰል ፍጥረት ራስ ቅል ያገኙት ወይዘሮ ሜሪ ናቸው። ጁላይ 17 ቀን 1959 ዶክተሩ ታመው ድንኳን ውስጥ ተኝተው ሳለ ወይዘሮ ሜሪ ውሾቻቸውን አስከትለው ኦልዱቫይ ላይ ሲዘዋወሩ ቤተሰቡን በዓለም ያስጠራውን የዚንጃንትሮፐስን ራስ ቅል አዩ። በዓመቱ ጆናታን በዚያው ገደል ያገኘው ደግሞ በ1964 ሆሞ ሃቢሊስ ተብሎ ተሰየመ።

ወደ አገራችን ያመጣቸው አጋጣሚ የተፈጠረው በ1960ዎቹ አጋማሽ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኬንያን ሲጎበኙ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ቅርስ ለምን እንዳልተገኘ ጠየቋቸው፤ እሳቸውም የሚያስፈልገው ፈቃዱ ብቻ መሆኑን አስረዱ። በዚህ መሠረት በ1967 የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች ወደ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ዘመቱ። ዶክተር ሊኪ ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው የኬንያውን ቡድን የመራው ሪቻርድ ነበር። ወንዙን ሲሻገሩ ጀልባቸውን አዞ ተናክሶት ለጥቂት ተርፈዋል። ኬንያዊው ካሞያ ኪሜው በኪቢሽ ያገኙት ሰው ቢያንስ 230,000 ዓመት እንደሚሆነው በ2022 የወጣ ጥናት አመልክቷል።

ይኸው ዘመቻ ግን አባትና ልጅን አለያየ። ሪቻርድ ከአባቱ ጥላ ሥር መውጣት ፈልጎ ስለነበር በ1968 አብረው አሜሪካ በሄዱ ጊዜ ለኦሞ ሳይሆን ለራሱ የቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ፍለጋ ገንዘብ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። አባትየው ደነገጡ። ቀጥሎም የሙዚየሙን አስተዳደር ወጣቱ ያዘ። ዶክተር ሊኪም ለንግግርና ለገንዘብ ማሰባሰብ ከአገር አገር መዞር አበዙ። ወይዘሮ ሜሪ ኦልዱቫይ ላይ ለብቻቸው መኖር ጀምረው ስለነበር፣ አንድ ድንኳን ውስጥ ይኖር የነበረው ቤተሰብ በየፊናው ተበተነ።

በ1972 የሪቻርድ ቡድን አባል የሆኑት በርናርድ ንጌኔዮ በቱርካና ምሥራቅ የአንድ ራስ ቅል ስብርባሪዎች አገኙ። ስብርባሪው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ሪቻርድ ናይሮቢ ለነበሩት አባቱ ወስዶ አሳያቸው። ትልቅ አንጎል ያለው ጥንታዊ ሰው እንደሚገኝ ዕድሜ ልካቸውን ሲሟገቱ ስለኖሩ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። በዚያም አጋጣሚ አባትና ልጅ ታረቁ። ዶክተር ሊኪ ወደ ለንደን በረሩ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኦክቶበር 1 ቀን 1972 እዚያው በልብ ድካም አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ኬንያ ተመልሶ ሊሙሩ ላይ ወላጆቻቸው በተቀበሩበት ስፍራ ዐረፈ።

በዚያው ዓመት በማርች የተወለደችው የሪቻርድ ልጅ ሉዊዝ ያኔ የመንፈቅ ሕፃን ነበረች። እሷም ወላጆቿ ወደ ቱርካና ሲወጡ ይዘዋት ይወጡ ስለነበር በ1977፣ አባቷ አሳማውን ባገኘበት ዕድሜ አካባቢ፣ የመጀመሪያ ቅሪተ አካሏን አገኘች።