መሐንዲሱ ፕሬዚዳንትና የሥራ አጡ እንጀራ

የማዕድን መሐንዲሱ ኸርበርት ሁቨር በ1874 (ዘመናቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ዌስት ብራንች በተባለች አነስተኛ መንደር፣ ከብረት ቀጥቃጭ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው አባትና እናታቸውን በሞት በማጣታቸው በዘመድ እጅ አደጉ። በ1895 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ምድር ትምህርት ተመርቀው በአውስትራሊያና በቻይና ሠሩ፤ በጎልማሳነታቸውም ከፍ ያለ ሀብት አፈሩ። በ1914 የጀርመን ጦር ቤልጅየምን በያዘ ጊዜ ለተራበው ሕዝብ እህል የሚያቀርበውን ድርጅት መሩ፤ በሚልዮን የሚቆጠር ሕዝብም መገቡ። ያተረፉት ዝና በ1928 ለፕሬዚዳንትነት እንዲመረጡ ረዳቸው።

ሥልጣን በያዙ በስምንተኛው ወር፣ በጥቅምት 1929፣ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ባንኮች ከሰሩ፤ የሥራ አጡም ቁጥር ከዓመት ዓመት በዛ። ሁቨር እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ ማለት ከእውነት የራቀ ነው። አሠሪዎች ደመወዝ እንዳይቀንሱ ጠይቀዋል፤ የመንግሥት የግንባታ ሥራዎችም እንዲፋጠኑ አድርገዋል። ይሁን እንጂ ከሁለት እምነቶች ፈቀቅ አላሉም። አንደኛው፣ የመንግሥት ገቢና ወጪ መመዛዘን አለበት የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ችግረኛን መርዳት የበጎ አድራጊዎች፣ የከተሞችና የክፍለ ግዛቶች ድርሻ ስለሆነ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለሥራ አጥ በቀጥታ ገንዘብ ቢያድል ሕዝቡ ራሱን የመቻል መንፈሱን ያጣል የሚለው ነበር።

ሴናተር ሮበርት ዋግነርን የመሳሰሉ ተከራካሪዎች ግን የከተሞቹ ካዝና መራቆቱን፣ ረኃብም ቀጠሮ የማይሰጥ መሆኑን አስረዱ። በ1932 መጀመሪያ ለባንኮችና ለባቡር ኩባንያዎች የሚያበድር የመንግሥት ድርጅት ሲቋቋም ክርክሩ ከረረ፤ ለባንክ የተገኘው ገንዘብ ለተራበው ስለ ምን ጠፋ ተባለ። በዚያው ዓመት ሰኔ በተዘጋው ሒሳብ የበጀቱ ጉድለት 2.7 ቢልዮን ዶላር ያህል ደረሰ። ይህን ለመሙላት ከፍተኛው የገቢ ግብር ከመቶ 25 ወደ 63 ከፍ ተደረገ። በሐምሌ ሁቨር ሰፊውን የርዳታ ሕግ ሳያጸድቁ መለሱት፤ ጥቂት ቀናት ቆይተው ግን ለክፍለ ግዛቶች 300 ሚልዮን ዶላር የርዳታ ብድር የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። እርምጃው ተገቢ ቢሆንም ዘግይቶ ነበር።

የሚያስገርመው፣ በምርጫው የተወዳደሯቸው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሁቨርን በገንዘብ አባካኝነት ከሰው፣ የመንግሥትን ወጪ በመቶ 25 ለመቀነስ ቃል መግባታቸው ነው። ሁቨር ተሸንፈው በመጋቢት 1933 ሲሰናበቱ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አልነበረውም። የሥራ አጦች መድን በፌዴራል ሕግ የተደነገገው በ1935፣ በሩዝቬልት ዘመን ነው።

ሁቨር በ1964፣ በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ስማቸው በሁለት ነገሮች ቀርቷል፦ በዘመናቸው ሥራው በተጀመረው የኮሎራዶ ወንዝ ታላቅ ግድብና ቤት አልባው ሥራ አጥ ከጣውላና ከቆርቆሮ በቀለሳቸው የደሳሳ ጎጆዎች ሰፈሮች። የባዕድ አገር ረኃብተኛን የመገቡት ሰው በገዛ አገራቸው የተቸነፉት ርኅራኄ አጥተው አልነበረም፤ የበጀቱን ሚዛን ከሰዉ ጉዳት አስቀድመው በማየታቸው ነው። በስሌት የሚተዳደር ባለሙያ ሁሉ ይህን ሕይወት ቢያጠና ይጠቀማል።