አል-ኸዋሪዝሚ፦ ስሙ በኮምፒውተር ቋንቋ ውስጥ የቀረው ሙስሊም ሊቅ

አልጎሪዝም የሚለው ቃል የአንድ ሙስሊም ሊቅ ስም እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ780 አካባቢ ተወለደ። ስሙ ከመካከለኛው እስያዋ ኸዋሪዝም ጋር ያያይዘዋል፤ የሠራው ግን በባግዳድ ነው። ከ813 እስከ 833 በገዛው ኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን በበይቱል ሒክማ፣ ማለትም በጥበብ ቤት፣ ከነበሩት ምሁራን አንዱ ነበር።

ዕውቀቱን ለሰው ችግር አዋለው። አልጀብራ ስሙን ያገኘበት መጽሐፉ ሰፊ ክፍል የሚናገረው ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው። በሸሪዓችን ባል ልጆች ትቶ ሲሞት ሚስቱ ከስምንት አንድ ታገኛለች፤ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። ዕዳና ኑዛዜ ሲጨመርበት ስሌቱ ይከብዳል። አል-ኸዋሪዝሚ ማንም ሐቁን እንዳያጣ መንገዱን ደረጃ በደረጃ አሳየ።

ሌላው መጽሐፉ የህንድን ቁጥሮች አስተማረ። የግዕዝ ቁጥራችን ዜሮ የለውም፤ ለአስር፣ ለሃያ፣ ለመቶ ለየብቻ ምልክት አለው። በህንዱ አጻጻፍ ግን አሥር ምልክቶች ይበቃሉ፤ ዋጋቸውን የሚወስነው የቆሙበት ቦታ ነው። መጽሐፉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎም ስሙ አልጎሪትሚ ተብሎ ተጻፈ፤ አልጎሪዝም የመጣው ከዚያ ነው።

ዛሬ በግምጃ ቤት ያለ ተማሪ ፕሮግራም ሲማር ሙሉ ቁጥርን ወደ ኦክታል፣ ማለትም ወደ ቤዝ ስምንት፣ እንዲቀይር ይጠየቅ ይሆናል። 100ን እንውሰድ። ለ8 ሲካፈል 12 ደርሶ 4 ይተርፋል። 12 ለ8 ሲካፈል 1 ደርሶ 4 ይተርፋል። 1 ለ8 ሲካፈል 0 ደርሶ 1 ይተርፋል። ቀሪዎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስናነብ 144 እናገኛለን። በፓይተን ኦክት የተባለው ትእዛዝም ከመለያ ምልክት ጋር ይህንኑ ይመልሳል።

አል-ኸዋሪዝሚ ቤዝ ስምንትን አላስተማረም። ሆኖም ከአስሩ ቤት ሌላ የከዋክብት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትን የስልሳ ቤት ክፍልፋይ አስረድቷል። ቁጥሩ ያው ሆኖ አጻጻፉ ሊለያይ እንደሚችል፣ ትልቅ ስሌትም በትናንሽ እርምጃዎች እንደሚፈታ ከእርሱ እንማራለን።

እ.ኤ.አ. በ850 አካባቢ ሞተ። ልጆቻችን ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ እንግዳ ዕውቀት ሊለምኑ እንዳልመጡ እንንገራቸው፤ አባቶቻቸው የደከሙበት ነውና። አላህ ይዘንለት፤ እኛንም ጠቃሚ ዒልም ይስጠን። አሚን።