ብሩስ ማክላረን፦ የውድድር መኪናውን በገዛ እጁ የፈታና የገጠመ አሽከርካሪ

በፎርሙላ ዋን ተመልካቾች ዘንድ ማክላረን የሚለው ስም ሲነሳ ቀድመው የሚታወሱት ብርቱካናማ ቀለም የተቀቡት ፈጣን መኪናዎች ናቸው። ስሙ ግን የኩባንያ መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የአንድ ሰው ስም ነበር። ባለቤቱ ብሩስ ማክላረን ሲሆን በ32 ዓመት ዕድሜው ያረፈ ኒውዚላንዳዊ አሽከርካሪና መሐንዲስ ነው። በዘመኑ ከነበሩ ታላላቅ አሽከርካሪዎች ይበልጥ የሚለየው ፍጥነቱ አልነበረም። መኪናው የሚነግረውን አዳምጦ፣ ችግሩን ለይቶ፣ መፍቻ አንስቶ ማስተካከል መቻሉ ነበር።

ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 30 ቀን 1937 በኦክላንድ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ በከተማዋ ሬሙዌራ በተባለ ሰፈር ነዳጅ ማደያና ጋራዥ ነበራቸው። ልጁም በቤንዚንና በቅባት ሽታ መካከል አደገ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ግን የዳሌን መገጣጠሚያ የሚያጠቃ ፐርተስ የተሰኘ በሽታ ያዘው። ሁለት ዓመት ያህል በሕክምና ማዕከል አልጋ ላይ ተኝቶ አሳለፈ። ድኖ ሲወጣ ግራ እግሩ ከቀኙ አጥሮ ቀረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ሲራመድ ያነክስ ነበር።

ከበሽታው በኋላ የልጁን ሕይወት አቅጣጫ ያስያዘችው አንዲት አሮጌ መኪና ናት። አባቱ ሌስ ተበታትና የነበረች ኦስቲን ሰቨን አልስተር ገዛ። አባትና ልጅ እያንዳንዱን ክፍል አጥበውና ጠግነው መልሰው ገጠሟት። ብሩስ ገና በአሥራዎቹ አጋማሽ ሳለ በ1952 በዚችው መኪና የመጀመሪያውን የዳገት ውድድር ተወዳደረ። መኪናው ሲበላሽ የሚጠግነው ራሱ ነበርና፣ መንዳትንና ማደስን እንደ አንድ ሙያ ቆጥሮ ተማራቸው። በኋላም በኦክላንድ የምሕንድስና ትምህርት ጀመረ።

በ1958 ተስፋ የሚጣልባቸውን የአገሩን አሽከርካሪዎች ወደ አውሮፓ ለመላክ በተቋቋመው መርሐ ግብር የመጀመሪያው ተመራጭ ሆነ። እንግሊዝ እንደደረሰም ከኩፐር ቡድን ጋር መሥራት ጀመረ። ኩፐር በዚያ ዘመን የፎርሙላ መኪናን አሠራር የቀየረ ትንሽ ጋራዥ ነበር። ሞተሩን ከአሽከርካሪው ፊት አንስቶ ከጀርባው በማድረጉ መኪናው ቀላልና ለመጠምዘዝ ምቹ ሆነ። ብሩስ በዚያው ዓመት በጀርመኑ ኑርበርግሪንግ በአነስተኛው የፎርሙላ ቱ መኪና ከኃያላኑ ጋር ተሰልፎ በአጠቃላይ አምስተኛ ወጣ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1959 በአሜሪካ ሲብሪንግ በተካሄደው ውድድር የቡድን አጋሩ ጃክ ብራብሃም በመጨረሻው ዙር ነዳጅ አለቀበት። ብሩስ አልፎት አንደኛ ሆነ። ዕድሜው 22 ዓመት ከ104 ቀን ነበር። በግራንድ ፕሪ ታሪክ የወጣት አሸናፊነቱ ክብረ ወሰን እስከ 2003 ድረስ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ሳይሰበር ቆየ። በቀጣዩ ዓመት በዓለም ሻምፒዮና ከብራብሃም ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ በ1962 ደግሞ በሞናኮ አሸነፈ።

የዚያን ዘመን የፎርሙላ መኪና ኮምፒውተር አያውቅም። መኪናው በመንገድ ላይ የሚያደርገውን የሚመዘግበው ብቸኛ መሣሪያ የአሽከርካሪው ሰውነት ነበር። ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከተንሸራተቱ መኪናው መሪውን አይታዘዝም፤ የኋላዎቹ ከተንሸራተቱ ጅራቱ ዞሮ ከመንገድ ያወጣዋል። መካኒኩ በዚህ መሠረት የአንዱን ጫፍ ሞላ ያለዝባል ወይም ያጠነክራል፤ የጎማውን ዝንባሌ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለውጣል፤ መኪናው ከመሬት ያለውን ከፍታ ይለካል። ማርሽም እንደየመንገዱ ይቀየራል። ጠመዝማዛ ለሆነው ሞናኮ የሚስማማው የማርሽ ምጥጥን ረጃጅም ቀጥተኛ መንገዶች ላሉት የቤልጂየሙ ስፓ አይበጅም። የሥራው ዋና ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ መካኒክ መኪናው ቢሻሻልም ባይሻሻልም ምክንያቱን አያውቅም።

ብሩስ በዚህ ረገድ ልዩ ተሰጥዖ ነበረው። አንድ ቀን መኪና ሲፈትሽ ፊት ለፊት ያለው የነዳጅ መሙያ ክዳን እየተርገበገበ ሲነሳ አየ። በዚያ ቦታ ነፋሱ ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ወደ ላይ መነሳቱ ግን በላዩ ያለው የአየር ግፊት ዝቅተኛ መሆኑን ነገረው። መኪናውን አቁሞ የቆርቆሮ መቀስ አነሳና ከራዲያተሩ በስተጀርባ ያለውን ሽፋን ቀደደው። የታፈነው የጋለ አየር መውጫ አገኘ፤ መኪናውም ፈጠነ። በጅቡቲ ከተማ ባሕር ዳር ከሚገኘው ሄሮን ሰፈር አንስቶ ጋላፊን ተሻግሮ እስከ ኢትዮጵያ ደጋ ድረስ በሙቀት የሚያሽከረክር ሁሉ የጋለ ራዲያተር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አየር ወደ ራዲያተር መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ የሚወጣበትም ሊኖረው ይገባል።

በ1963 ብሩስ የራሱን ቡድን አቋቋመ። በ1964 መጀመሪያ ላይ ግን ከባድ ሐዘን ደረሰበት። ወጣቱ የቡድኑ አሽከርካሪ ቲሚ ሜየር በአውስትራሊያ ሎንግፎርድ በልምምድ ላይ ሳለ ሞተ። የሟቹ ወንድም ቴዲ ሜየር ቡድኑን አልተወም፤ የብሩስ ቀኝ እጅ ሆኖ ዘለቀ።

የቡድኑ የመጀመሪያ የፎርሙላ ዋን መኪና በ1966 በሞናኮ ተሰለፈ። አካሉ በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎች መካከል ቀላል የባልሳ እንጨት ከተጣበቀበት ቁስ የተሠራ ሲሆን በጣም ጠንካራ ነበር። ሞተሩ ግን ከባድና ደካማ ሆነና መኪናው ዘይት እያፈሰሰ ውድድሩን አቋረጠ። ብሩስ በዚያው ዓመት ከክሪስ ኤመን ጋር በፎርድ መኪና የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ቢያሸንፍም፣ በራሱ መኪና ግራንድ ፕሪ ለማሸነፍ ሌላ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

ያ ቀን ሰኔ 9 ቀን 1968 በስፓ መጣ። አዲሱ መኪና 400 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው የፎርድ ኮስዎርዝ ሞተር ተገጥሞለታል። ሲመራ የነበረው ጃኪ ስቱዋርት በመጨረሻ ነዳጅ ለመቅዳት ሲቆም ብሩስ አለፈው። ይህን አላወቀም ነበርና ሁለተኛ የወጣ መስሎት መስመሩን አቋረጠ። ማሸነፉን የሰማው ከቆመ በኋላ ነው። በሰሜን አሜሪካው የካን አም ውድድር ደግሞ ብርቱካናማዎቹ መኪናዎች ተፎካካሪ አጡ። በ1969 ከተካሄዱት 11 ውድድሮች 11ዱንም ብሩስና የአገሩ ልጅ ዴኒ ሃልም ተከፋፈሏቸው።

ሰኔ 2 ቀን 1970 ብሩስ ለቀጣዩ የካን አም ዘመን የተሠራውን መኪና በእንግሊዝ ጉድዉድ ለመፈተሽ ወጣ። ሥራው እንደ ወትሮው ነበር፤ ጥቂት ዙር መንዳት፣ መቆም፣ ማስተካከል፣ መልሶ መውጣት። በቀጥተኛው መንገድ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሳለ የኋላው የአካል ሽፋን ተነቀለ። ሽፋኑ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነውን የነፋስ ኃይል የሚሰጥ ነበርና፣ ሲለይ የኋላ ጎማዎች መንገዱን መያዝ አቃታቸው። መኪናው ዞሮ ከግንብ ጋር ተላተመ። ብሩስ ወዲያውኑ ሞተ። መካኒኩን ከአሽከርካሪው ያላራቀው ሰው ሕይወቱ ያለፈው ውድድር ላይ ሳይሆን መኪና በማስተካከል ሥራ ላይ ሳለ ነው።

ሠራተኞቹ በማግስቱ ዕረፍት ቢፈቀድላቸውም ወደ ጋራዡ መጡ። ከ12 ቀን በኋላ በካናዳ በተደረገው ውድድር በብሩስ ቦታ የተተካው ዳን ጉርኒ አሸነፈ። ዴኒ ሃልም በኢንዲያናፖሊስ በእሳት የተቃጠሉት እጆቹ ሳይድኑ በዚያው ውድድር ነዳ፤ በዓመቱ መጨረሻም የካን አም ሻምፒዮን ሆነ። በ1974 ቡድኑ በኤመርሰን ፊቲፓልዲ አማካይነት የመጀመሪያውን የፎርሙላ ዋን ዋንጫ አገኘ። በኋላም አይርተን ሴና፣ አላን ፕሮስት፣ ሚካ ሃኪነንና ሉዊስ ሃሚልተን በዚያው ስም ነግሠዋል። በ2024 ደግሞ ቡድኑ ከ26 ዓመት በኋላ የአምራቾችን ዋንጫ መልሶ አነሳ።

የዚያ ዘመን የፎርሙላ መኪናዎች ዛሬም በታሪካዊ ውድድሮች ላይ ይነዳሉ። የሚንከባከቧቸው መካኒኮች የማግኒዚየም ክፍሎች በዕድሜ ተበልተው እንዳይሆን ይመረምራሉ፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በቀለም ይፈልጋሉ፤ ጎማ መሰሉን የነዳጅ ከረጢት ዘመኑ ሳያልፍ ይለውጣሉ። እያንዳንዱን ማያያዣም ደጋግመው ይነካሉ። መኪናው ቢያረጅም ፍጥነቱ አላረጀም፤ የላላ ነገር የሚያስከፍለው ዋጋም አልቀነሰም።

አባትና ልጅ የገጠሟት ኦስቲን ሰቨንም በእንግሊዝ ዎኪንግ በሚገኘው የማክላረን ማዕከል ከሻምፒዮናዎቹ መኪናዎች ጋር ቆማ ትታያለች።