ቡላቶቪች፦ በጦርነት ማግሥት በከፋ ያለፈው መንገደኛ

ዛሬ ከቢታ ገነት ወደ ቦንጋ በሞተር ብስክሌት የሚወርድ ሰው በክረምት ጭቃውን ያማርራል። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1890 ዓ.ም. ከፋ የገባው በፈረስና በበቅሎ ነበር።

በ1863 ዓ.ም. የተወለደው ይህ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ኢትዮጵያን የረገጠው ከዐድዋ ድል በኋላ፣ ቁስለኞችን ለማከም ከመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጋር ነው። ያን ጊዜ ከጅቡቲ እስከ ሐረር ያለውን በረሃ በግመል ከአራት ቀን ባነሰ ጊዜ አቋርጦ ስሙን አስጠራ።

ወደ ከፋ ሲዘልቅ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ ጥቂት ወራት ብቻ አልፈው ነበር። አገሩ በጦርነት ተራቁቶ፣ መንደሩ ሰው አልባ ሆኖ፣ በየመንገዱ ዳር የሰው አጥንት ተበትኖ አገኘው፤ ይህንንም ሳይሸሽግ ጻፈ። የድል አድራጊው የራስ ወልደ ጊዮርጊስ እንግዳ ሆኖ ሳለ እንዲህ መመስከሩ ያስገርማል። ከአንድራቻ ተነሥቶም ከራስ ሠራዊት ጋር በጊሚራ በኩል ወደ ደቡብ ወርዶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ደረሰ፤ መንገዱንም በካርታ አሰፈረ። በዘመቻው ላይ ክፉኛ ቆስሎ የተገኘ አንድ ሕፃን አንሥቶ አስታመመ፤ ወደ ሩሲያም ይዞት ተመለሰ። የጉዞ መጽሐፉ በ1892 ዓ.ም. ታተመ።

በኋላ ሰይፉን አስቀምጦ መነኰሰ፤ በአቶስ ተራራም ኖረ። በ1912 ዓ.ም. መባቻ ወራት በዛሬዋ ዩክሬን በሚገኘው የቤተሰቡ ርስት ሳለ ሽፍቶች ገደሉት።